ጋምቤላ፦ በአንድ አንቀጽ የተቆረቆረች የወንዝ ወደብ

የባሕር በር ወሬ በተነሳ ቁጥር አንድ ሰው ብቅ ይልና «እኛ እኮ ድሮም ወደብ ነበረን፣ ባሮ ላይ መርከብ እስከ ካርቱም ይመላለስ ነበር፣ እሱን ለምን አንከፍተውም?» ይላል። እውነቱን ነው፣ ነበረን። ግን ሁሉም የሚያወራው ስለ መርከቡ ብቻ ነው፣ ከተማዋ እንዴት እንደተቆረቆረች፣ ማን ምን አግኝቶባት እንደኖረ፣ ለምን ሞቅ ብላ መልሳ እንደቀዘቀዘች ሲነሳ አይሰማም፣ ያንን ሳያዩ ደግሞ «ባሮን እንክፈት» ማለት ምኞት እንጂ እቅድ አይሆንም።

ነገሩ የሚጀምረው ከወረቀት ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም አፄ ምኒልክና የእንግሊዙ መልክተኛ ጆን ሌን ሃሪንግተን አዲስ አበባ ላይ አንድ ውል ተፈራረሙ፣ በፈረንጅ 1902 መሆኑ ነው (ከዚህ በኋላ ሌላ ካላልኩ በቀር ዓመቱንም ከዓመቱ ጋር የሚመጣውን ወርና ቀንም በፈረንጅ ነው የምጠራው)። ይሄ ውል ዛሬም አልሞተም፣ ግብፅና ሱዳን ስለ ህዳሴ ግድብ ሲከራከሩ ከሚመዟቸው ወረቀቶች አንዱ እሱ ነው። የሚመዙት ግን አንቀጽ 3ን ነው፣ ምኒልክ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳይስማሙ በጥቁር አባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ የውሃውን ፍሰት የሚያግድ ሥራ ላለመሥራት የገቡትን ቃል። እኛም መልስ ስንሰጥ የምንጨቃጨቀው በዛው በአንቀጽ 3 ነው። አንድ መስመር ወረድ ብሎ አንቀጽ 4ን የሚያነብ የለም፣ ከተማ የወለደው ግን እሱ ነው።

አንቀጽ 4 ባጭሩ የሚለው እንዲህ ነው፦ ምኒልክ ባሮ ወንዝ ላይ፣ ኢታንግ አካባቢ፣ በወንዙ ዳር ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱ ከ400 ሄክታር ያልበለጠ መሬት ለሱዳን መንግሥት በኪራይ ይሰጣሉ፣ ቦታው የንግድ ጣቢያ ይሆናል፣ ለፖለቲካም ለጦርም አይውልም፣ ኪራዩ የሚጸናው ደግሞ ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ነው። ይቺን የመጨረሻዋን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እንመለስባታለን።

ሁለቱም ወገን የራሱ ስሌት ነበረው። እንግሊዞች ካርቱምን ከያዙ ገና አራት ዓመታቸው ነው፣ ሱዳን ውስጥ የወንዝ መርከብና ባቡር ዘርግተዋል፣ የሚጫን ዕቃ ያስፈልጋቸዋል። በምኒልክ በኩል ደግሞ በዛው ዓመት ከጅቡቲ የተነሳው የፈረንሳዮች ባቡር ድሬዳዋ ደርሷል፣ የአገሪቱን ንግድ በሙሉ ለአንድ ፈረንጅ መስጠት ደግሞ ለሳቸው የሚዋጥ ነገር አልነበረም። ከኢሉባቦር እስከ ወለጋ ያለው ምዕራብ በቡና የተሞላ ነው፣ ከዛ ተነስቶ ድሬዳዋ መድረስ ግን መዓት ወንዝና ተራራ ማቋረጥ ነው። ወደ ምዕራብ ከዞሩ ግን ቁልቁለቱን ወርዶ ወንዙን መያዝ ብቻ ነው። ካርታውን ለሚያይ ሰው ነገሩ ቀላል ይመስላል።

ወንዙንም ካየነው ምርጫው የጅል አልነበረም። ገባና ብርብር ተገናኝተው ባሮ ይሆናሉ፣ ባሮ ከምዕራቡ ደጋ ተንደርድሮ ወርዶ ጋምቤላ ላይ ሲደርስ ከባሕር ጠለል በላይ 520 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ከዛ በኋላ ሜዳ ነው፣ ዝግ ብሎ ይጓዛል። ድንበር ላይ ከፒቦር ጋር ሲገናኝ ሶባት ይባልና ማላካል አጠገብ ነጭ አባይ ውስጥ ይገባል። እዚህ ጋ ያለው ትልቁ ዕድል የሚገባበት ቦታ ነው። ነጭ አባይ ከደቡብ ሲመጣ ሱድ የሚባለው ማለቂያ የሌለው ረግረግ ውስጥ ነው የሚያልፈው፣ እዛ ውስጥ ቄጠማውና ደንገሉ ተያይዞ መርከብ ሲያስር ኖሯል፣ ሶባት ግን የሚገናኘው ሱድ ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ከጋምቤላ የተነሳ መርከብ ሱድን ሳያይ ካርቱም ይገባል።

ውሉ ኢታንግ አካባቢ ቢልም ኢታንግ ዝቅ ያለ ነው፣ ክረምት ላይ ውሃ ይተኛበታል። ስለዚህ በ1904 ወደ ላይ ወጣ ብለው፣ መርከብ ሊደርስበት የሚችልና ለደጋውም የሚቀርብ ቦታ መረጡ፣ እሱ ነው ጋምቤላ፣ በ1907 ወደቡና ጉምሩኩ ተቋቋመ። እንግዲህ አስቡት፣ ከተማዋ ያለችበት ቦታ የተመረጠው ጎርፍ በመሸሽ ነው። ዛሬ በየክረምቱ ኢታንግ፣ ላሬ፣ ጂካዎ በጎርፍ ተጥለቀለቁ የሚል ዜና ስንሰማ አዲስ ነገር የመጣ ይመስለናል፣ የወንዙ ጠባይ ግን ከመቶ ዓመት በፊትም ይታወቅ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ለኔ የጋምቤላን ታሪክ የሚያስረዳው አንድ ነገር ነው፣ ወንዙና መንገዱ አንድ ላይ አይከፈቱም። ባሮ መርከብ የሚችለው ክረምት ላይ ሲሞላ ነው፣ ከህዳር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ውሃው ስለሚጎድል መርከብ ጋምቤላ አይደርስም። ከደጋ የሚወርደው የበቅሎ መንገድ ደግሞ በተቃራኒው ነው፣ ክረምት ላይ ጭቃ ነው፣ ወንዞቹ ይሞላሉ፣ ሲራራ ነጋዴ የሚንቀሳቀሰው በበጋ ነው።

አንዲት ጆንያ ቡና ይዘን እንከተላት። ቡናው የሚለቀመው ከመስከረም ጀምሮ እስከ ታህሳስ ድረስ ነው፣ ይደርቃል፣ ጎሬ ገበያ ይደርሳል፣ ጎሬ ያኔ የምዕራቡ ትልቅ ከተማ ናት፣ የራስ ተሰማ ናደው መቀመጫ፣ ኋላም የእንግሊዝ ቆንስላ የነበረባት። ከጎሬ በቡሬ አድርጎ (የኢሉባቦሩ ቡሬ ነው፣ የጎጃሙ አይደለም) ቁልቁል መውረድ ይጀመራል። ጎሬ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ስለዚህ በጥቂት ቀን ውስጥ ከ1,400 ሜትር በላይ ይወረዳል፣ ብርዱ ይቀርና ሙቀቱ ይመጣል፣ ከሙቀቱ ጋር ደግሞ ቆላው ላይ ገንዲ አለ፣ በዝንብ የሚተላለፈው የከብት በሽታ፣ በቅሎና ፈረስ አይምርም። አንዲት በቅሎ የብዙ ወር ትርፍ ናት፣ ነጋዴው እሷን እዛ ሜዳ ላይ ቀብሮ መመለስ አይፈልግም፣ ስለዚህ ከተወሰነ ቦታ በኋላ ዕቃው በሰው ጫንቃ ይወርዳል። እነዚህን ተሸካሚዎች ታሪክ ብዙም አያነሳቸውም፣ ያ ሁሉ የቡና ንግድ ግን የቆመው እነሱ ትከሻ ላይ ነበር።

እሺ፣ ጆንያዋ የካቲት ወይ መጋቢት ላይ ጋምቤላ ደረሰች እንበል። መርከብ የለም። ባሮ አሸዋው እየታየ ነው። ሰኔ ደርሶ ወንዙ እስኪሞላ ድረስ መጋዘን ውስጥ ትቀመጣለች፣ ወራት። ያቺን ቡና ያወረደው ነጋዴ ግን ወራት ቁጭ ብሎ ሊጠብቅ አይችልም፣ በረሃው አይመቸውም፣ ወባ አለ፣ አገሩም ገና ሌላ ጭነት ይጠብቀዋል፣ ክረምቱ ሳይገባ መውጣት አለበት። ስለዚህ እዛው ጋምቤላ መጋዘንና ጥሬ ብር ላለው ሰው ሸጦ ይመለሳል። ዋጋውን የሚቆርጠው ማን እንደሆነ እንግዲህ ግልጽ ነው። ገቢ ዕቃውም በተራው ይገለበጣል፣ ጨውና አቡጀዲ በክረምት በመርከብ ይመጣል፣ ጋምቤላ ይከማቻል፣ በጋ ሲገባ የቡና ነጋዴው ሲመለስ ጭኖ ይወጣል።

ጋምቤላ የተሠራችው በዚህ ክፍተት ነው። ወደብ እንላታለን እንጂ ከወደብነቷ መጋዘንነቷ ይበልጣል፣ ዓመቱን ሙሉ ግማሹ ዕቃ ቁጭ ብሎ ሌላውን ግማሽ የሚጠብቅባት ጎተራ ነበረች። ለዚህም ነው ግሪኮችና ሶርያውያን ነጋዴዎች እዛ ቶሎ ሥር የሰደዱት፣ ከኛ ሰው የተለየ ብልሃት ስለነበራቸው አይደለም፣ ከካርቱም ጋር የብድርና የዘመድ ሰንሰለት ስለነበራቸው ስድስት ወር ገንዘባቸውን አስቀምጠው መጠበቅ ይችሉ ነበር። የኛ ሲራራ ነጋዴ ካፒታሉ በቅሎውና የያዘው ጠገራ ብር ነው። ከዛ ቡና፣ ሰም፣ ቆዳ፣ ጎማ፣ የዝሆን ጥርስ ይወጣል፣ ከውጭ ደግሞ ጨርቃ ጨርቁና ጨው ይገባል።

መርከቦቹ የሱዳን መንግሥት ነበሩ። ከጋምቤላ ካርቱም በወንዝ 1,366 ኪሎ ሜትር ነው፣ በ1930ዎቹ በክረምት በወር ሁለት ጊዜ ይመጡ ነበር፣ ሲወርዱ 7 ቀን፣ ወንዙን ተቃውመው ሲወጡ 11 ቀን ይፈጅባቸዋል። በወር ሁለት ጊዜ፣ በዓመት ለግማሽ ያህሉ ወራት ብቻ! በዛሬ ሎጂስቲክስ ብናየው ቀልድ ነው፣ ግን በዛ ዘመን ለምዕራቡ ሰው ከዚህ የተሻለ በር አልነበረም።

እዚህ ጋ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ። መሬቱ ባዶ አልነበረም። የባሮ ዳር የአኝዋክ አገር ነው፣ ወንዙንም ኦፔኖ ነው የሚሉት፣ ውሃው ሲሸሽ ርጥብ የሚሆነውን ዳርቻ በቆሎና ማሽላ ይዘሩበታል፣ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ከነሱ በስተምዕራብ ደግሞ ከብቶቻቸውን ይዘው ወንዙን ተከትለው ወደ ምሥራቅ የሚገፉ ኑዌሮች አሉ። ውሉን የፈረሙት ግን አዲስ አበባና ለንደን ናቸው፣ በሁለቱም ቋንቋ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ በአኝዋክኛ የጠየቀ የለም። ያ 400 ሄክታር የማን የእርሻ ዳርቻ እንደነበር ወረቀቱ ላይ አይታይም።

አኝዋኮች ግን ዝም ብለው አልተመለከቱም። የዝሆን ጥርስ ሸጠው ጠመንጃ ገዙ፣ ብዙ ጠመንጃ። በ1912 የሱዳን መንግሥት አዶንጋ የምትባል የአኝዋኮች ቦታ ድረስ ጦር ልኮ ሊቀጣቸው ሲሞክር ከባድ ኪሳራ ደርሶበት ነው የተመለሰው። እዛው አካባቢ ጣቢያው ውስጥ የእንግሊዝ ሹም ተቀምጦ ቀረጥ ይቆጠራል፣ ጥቂት ራቅ ሲል ደግሞ የማንም መንግሥት ትዕዛዝ አይሰራም፣ የኢትዮጵያም የሱዳንም። የንግድ ጣቢያዋ ያደገችው በዚህ ሁኔታ ውስጥ ነው፣ በዙሪያዋ ካለው ሕዝብ ጋር ሳትዋሃድ፣ ከላይ ከደጋው ከታች ከካርቱም ጋር ብቻ ተሳስራ። ዛሬ ጋምቤላ ውስጥ «ከተማዋ የማን ናት» የሚለው ጥያቄ ሲነሳ ነገሩን በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ፖለቲካ ብቻ ለማስረዳት የሚሞክሩ አሉ፣ እኔ ግን ከቆረቆሯት ቀን ጀምሮ አብሯት ያለ ጥያቄ ይመስለኛል።

ማሽቆልቆሉ እንዴት መጣ? አንድ ቀን በአንድ ምክንያት አልመጣም። የጅቡቲው ባቡር በ1917 አዲስ አበባ ገባ፣ ይሄ የመጀመሪያው ነው፣ ግን ምዕራቡ ከአዲስ አበባ ስለሚርቅ ጋምቤላን ወዲያው አልገደላትም፣ እንዲያውም በ1920ዎቹ ሥራዋ ሞቅ ያለ ነበር። ከዛ ጣልያን መጣ። በ1936 ንጉሡ ከወጡ በኋላ ራስ እምሩ ጎሬ ላይ ሆነው መንግሥቱን ለማስቀጠል ሲሞክሩ ያ ምዕራባዊ በር ትልቅ ትርጉም ነበረው፣ በዓመቱ ማብቂያ ግን ጣልያን ጎሬንም ጋምቤላንም ያዘ። በመጋቢት 1941 ከቤልጅግ ኮንጎ የመጡ ወታደሮች ጋምቤላ ላይ ተዋግተው ጣልያንን አስለቀቁ፣ ከዛ ሽቅብ ወጥተው ሳዮ፣ ማለትም ደምቢ ዶሎ ደረሱ፣ ሐምሌ ላይ የጣልያኑ ጄኔራል ጋዜራ እዛ እጁን ሰጠ። ጋምቤላ ላይ የኮንጎ ልጆች ደም ፈሷል፣ ስንቶቻችን እናውቃለን?

ጣልያን የተወው ነገር ግን ከጦርነቱ በላይ ጋምቤላን ጎዳ ብል አላጋነንኩም፣ መኪና መንገድ። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ፣ ወደ ነቀምት መንገድ ተዘረጋ፣ ከነጻነት በኋላም ቀጠለ፣ ቡናው ካሚዮን ላይ ወጣ። ካሚዮን ደግሞ ሰኔን አይጠብቅም። ስድስት ወር መጋዘን ውስጥ ቡና አስቀምጦ የሚተርፍ ነጋዴ ከዚህ በኋላ ምን ይሠራል? የክፍተቱ ንግድ ክፍተቱ ሲጠብ አለቀ፣ ባሮ ግን ያው ባሮ ነው፣ ውሃው አልቀነሰም።

ያዙልኝ ያልኳት ሐረግ የምትመጣው እዚህ ነው። ኪራዩ የሚጸናው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ ሥር እስካለች ነው አይደል? ጥር 1 ቀን 1956 ሱዳን ነጻ ወጣች፣ ውሉም እንደተጻፈው አለቀ፣ በዛው ዓመት ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ምኒልክን ወይም አማካሪዎቻቸውን እዚህ ላይ አለማድነቅ ይከብዳል፣ በዛ ዘመን አፍሪካ ውስጥ መሬት የተከራየ ፈረንጅ ስንት ቦታ ነው በራሱ ጊዜ የወጣው? ችግሩ ግን ጣቢያው ሲመለስልን ንግዱ ቀድሞ ሄዷል፣ ደቡብ ሱዳን ውስጥ ደግሞ ከ1955 ጀምሮ ጦርነት ተነስቷል፣ መርከቡ የሚያልፍበት ወንዝ የጦር ሜዳ ሆነ።

ከዛ በኋላ ጋምቤላ ያደገችው በሌላ ምክንያት ነው፣ በንግድ ሳይሆን በመንግሥትና በስደት። በ77ቱ ድርቅ (ይሄ በኛ ዘመን ነው) ደርግ ከወሎ፣ ከትግራይና ከደቡብ ሰው እያነሳ ባሮ አካባቢ አሰፈረ። በዛው ዘመን ኢታንግ ከሱዳን ጦርነት የሸሸ መዓት ሕዝብ የሚኖርበት መጠለያ ሆነች፣ እስከ 1991። ከዛ ክልል ሆነና ጋምቤላ ዋና ከተማ ሆነች፣ ቢሮ መጣ፣ ደሞዝተኛ መጣ፣ የረድኤት ድርጅት መጣ። በ2007ቱ ቆጠራ የከተማዋ ሕዝብ 39,022 ነበር፣ የክልሉ 307,096። ከታህሳስ 2013ቱ የደቡብ ሱዳን ጦርነት ወዲህ ደግሞ ክልሉ ውስጥ ያለው ስደተኛ ብቻ ከ300,000 በላይ ነው፣ ቁጥሮቹን አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ እዩአቸው። በመሀል ደግሞ በታህሳስ 2003 ከተማዋ ውስጥ በአኝዋኮች ላይ የተፈጸመው ግድያ አለ፣ ዛሬም ድረስ ቁስሉ ያልሻረ።

ስለዚህ ዛሬ «ባሮን እንክፈት» የሚለው ሰው ሊመልሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎች ስለ ውሃ ጥልቀት ብቻ አይደሉም። መንገዱን በጣት ተከትላችሁ ውረዱ። ከጋምቤላ ወጥታችሁ ድንበር አለፋችሁ፣ ሶባት ላይ ናሲር አለች፣ መጋቢት 2025 ላይ የታጠቁ ኃይሎች የመንግሥት ጦር ሠፈር የያዙባት። ቀጥላ ማላካል ናት፣ ከ2013 በኋላ እጅ ስትቀያየር የወደመችው። ከዛ ኮስቲ፣ ከዛ ካርቱም፣ ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ ጦርነት ያየችው። ይሄን ሁሉ አልፎ ካርቱም ቢደረስም ገና ባሕር አይደለም፣ ከዛ ፖርት ሱዳን ድረስ ሌላ የየብስ ጉዞ አለ። የውሃው ወቅት ችግር ደግሞ ያለ ነው፣ ግማሽ ዓመት የሚዘጋ ወደብ ላይ ማን ኢንቨስት ያደርጋል? እንግሊዞች ያደረጉት ከዛ የተሻለ አማራጭ ስላልነበረና ወንዙን ከድንበሩ እስከ ካርቱም አንድ መንግሥት ስለያዘው ነው፣ ሁለቱም ዛሬ የሉም።

ይሄ ማለት ግን ወንዙ ምንም አይጠቅምም ማለት አይደለም፣ እዚህ ላይ ከተስፈኞቹም ከተስፋ ቆራጮቹም እለያለሁ። ክረምት ላይ ከጋምቤላ ወደ ኢታንግና ጂካዎ ያለው መንገድ ሲቆረጥ፣ ቀበሌዎቹ ውሃ ሲከባቸው፣ እህልና መድኃኒት የሚያደርሰው ጀልባ ነው፣ ያ ጀልባ የሚመጣው ግን ሁሌ ለነፍስ አድን ሥራ፣ ዘግይቶ ነው። መንገዱ ሲዘጋ ወንዙ እንደሚከፈት የታወቀ ነገር ነው፣ የድሮዎቹ ነጋዴዎች የኖሩበት ይሄው ነው። እስከ ድንበር ድረስ ያለው ባሮ የራሳችን ነው፣ ከማንም ጋር ውል መፈራረም አያስፈልግም። ከሰኔ እስከ ጥቅምት በመደበኛ ፕሮግራም የሚሄዱ ሆዳቸው ጠፍጣፋና ጥልቅ ያልሆነ የጭነት ጀልባዎች፣ በየወረዳው ከጎርፍ ከፍ ያለ ማራገፊያና አንድ አንድ መጋዘን፣ ክረምቱ ሳይገባ የሚሞላ፣ የሚያስፈልገው ይሄ ነው። ወጪው ከአንድ ዘመናዊ ወደብ ጥናት ይበልጥ አይመስለኝም። መጋዘኑ የት ይቁም የሚለውን ደግሞ በ1902 ያልተጠየቁትን ሰዎች ጠይቆ መጀመር ነው፣ ውሃው በየዓመቱ የት እንደሚቆም ከነሱ በላይ የሚያውቅ መሐንዲስ የለም።